አዴ ኢቢሴና ሳፋቸው

ሰው የተነገረውን አምኖ ባይሄድ ኖሮ ከተማ የሚባል ነገር አይቆምም ነበር። ባለሱቁ «ዘይቱ ንጹህ ነው» ይላል፤ አምነን እንገዛለን። ሾፌሩ «አሁን እንነሳለን» ይላል፤ አምነን መስኮት ጥግ እንኮራመታለን። ነገር ግን በየከተማው አንድ የማይጠፋ ፍጡር አለ፤ «እሳት ያቃጥላል» ሲባል ጣቱን ዘርግቶ ካላረጋገጠ እንቅልፍ የማይወስደው። ይህ ሰው በሠርግም በለቅሶም ይገኛል፤ የሚቀመጠውም ሁልጊዜ አጠገባችሁ ነው። በነቀምቴ ይህን ሥልጣን ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክብርት አዴ ኢቢሴ ናቸው፤ «አዴ» በኦሮምኛ ለእናት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

አዴ ኢቢሴ በሥራቸው የአጸደ ሕጻናት መምህራን አሰልጣኝ ናቸው። በተፈጥሯቸው ግን አሰልጣኝ ያልሆኑበት ሰዓት የለም። ከባኬ ጃማ ሰፈር እስከ ጨለለቂ፣ ከዚያም አልፎ በጉቶ ጊዳ ገጠር ባሉት ትምህርት ቤቶች የሚታወቁት በአንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋና በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ወሬውን ተዉትና ውሃ አምጡ!»

ገበያ ሲወጡ እንቁላል ሻጮቹ ከሩቅ ይለዩአቸዋል። ትኩስ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ የቆየው ይንሳፈፋል፤ ይህንንም አዴ ኢቢሴ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በገበያው መሃል በሳፋ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ብቅ ሲሉ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን በነጠላ ይሸፍኑና «አዴ፣ የዛሬው አልቋል!» ይላሉ። ነጠላው ሥር እንቁላሉ ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። እሳቸውም እያዩት «ይሁን» ብለው ያልፋሉ፤ ለመሄድ ግን አይቸኩሉም።

በአንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ሙሽሮቹ ገብተው ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ ከአዴ ኢቢሴ ጠረጴዛ የሕጻናት ጩኸት ተነሳ። ለካ እሳቸው ለስላሳ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ዘቢብ ጨምረው ኖሯል። ዘቢቡ አረፋውን ይዞ ይወጣል፣ አረፋው ሲፈነዳ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ሙሽራዋን ትቶ ዘቢብ ሊያይ ሄደ። ቀጥሎ ቪዲዮ አንሺው ሄደ። የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የሠርጉ ቪዲዮ ውስጥ ዘቢቡ ከአማቾቹ የበለጠ ይታያል።

መምህርት ወሰኔ ከእኚህ ሴት እጅ የወደቀችው በአንድ የክረምት ሥልጠና ላይ ነው።

ወሰኔ ቤተሰቦቿ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ፣ እሷ ግን ነቀምቴ ተወልዳ ያደገች፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የምታስኬድ ሴት ናት። ጨለለቂ ባለ አንድ ኬጂ ውስጥ ወጣትነቷን ጨርሳለች። የማስተማር ዘዴዋ የታወቀ ነበር፤ እሷ ትላለች፣ ልጆቹ ይደግማሉ። እሷ ጮክ ካለች እነሱም ጮክ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ሥራው አንገፍግፏት ነበር። ጠዋት የክፍሉን በር ስትከፍት አንዳች ነገር ደረቷ ላይ ይቀመጥባታል። እህቷ ጊምቢ ላይ ልብስ ስፌት ቤት ከፍታ «ነይና አብረን እንሥራ» እያለች ስትጎተጉታት፣ ወሰኔም በልቧ ግማሽ ዕቃዋን ሸክፋ ጨርሳለች። ወደ ሥልጠናው የሄደችው ስሟ ስለተጠራ ብቻ ነው።

ሥልጠና ምን እንደሚመስል ደግሞ አብጠርጥራ ታውቃለች። ፕሮጀክተር ይሰካል፣ መብራት ይጠፋል፣ መብራት እስኪመጣ ሻይ በቦምቦሊኖ ይባላል። ከዚያ በቡድን ተከፍሎ ትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ይጻፋል፣ አንዱ ወጥቶ ያነባል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቤት። ስለዚህ ወሰኔ አዲስ ደብተር ገዝታ፣ ርዕስ የሚሰመርበት ቀይ እስክርቢቶ ይዛ፣ ከኋላ ወንበር ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

አዴ ኢቢሴ ሳፋቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ፕሮጀክተር የለ፣ ምን የለ። «ወንበሩን ወደ ግድግዳ አስጠጉና ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉ» አሉ። «እስክርቢቶም አልፈልግም!» መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ፣ ወገባቸውን እየያዙ፣ እየተነጫነጩ ተቀመጡ። አዴ ኢቢሴ ሳፋውን መሃል አድርገው ውሃ ሞሉበትና «ምን ይታያችኋል?» ብለው ጠየቁ።

ወሰኔ ዝምታ አትወድም። እጇን አውጥታ ቆመችና ለልጆቹ ስትለው የኖረችውን አለች፦ «ውሃ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ፈሳሽ ነው።»

«ማነው ስምሽ?»

«ወሰኔ።»

«ቀምሰሽዋል፣ ወሰኔ ኮ?» አሉ፤ «የእኔዋ ወሰኔ» እንደማለት ነው።

«ምኑን?»

«ይሄን ውሃ ነዋ! ጣዕም የለውም አልሽ እኮ። ቀምሰሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የወሰኔ ፊት በርበሬ መሰለ። ልትቀመጥ ስትል አዴ ኢቢሴ አንድ የብረት ኩባያ እጇ ላይ አደረጉላት። «ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል?»

«ብረት አይደል? ይሰምጣል።»

«ወሬውን ተዪውና አስቀምጪው።»

ወሰኔ በንዴት አስቀመጠችው። ኩባያው ተንሳፈፈ። እንደ ሹም ቀጥ ብሎ ውሃው ላይ ተቀመጠ። እሷም «ጉድ እኮ ነው» ብላ ጫፉን በጣቷ ነካ ስታደርገው፣ ጎንበስ ብሎ ውሃ ጠጣና ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወረደ። ወሰኔ ሳታስበው ከት ብላ ሳቀች። አውጥታ ደገመችው። ሦስተኛ ልትሞክር ስትል አጠገቧ ያለችው መምህርት «ተይ እንጂ፣ ለእኛም ይድረሰን!» ብላ ከእጇ ነጠቀቻት። እኩለ ቀን ላይ የሁሉም እጅጌ እስከ ክርን ርሶ ነበር፤ ሻይ መጥቶ እንደቀዘቀዘ ያስታወሰ ሰው አልተገኘም። ወሰኔ ደስ አላት። እንዲህ ደስ ካላት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ስታስበው ደግሞ አሳዘናት።

አዴ ኢቢሴ ጻድቅ ናቸው ማለት አይደለም። ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ መታገስ አልፈጠረባቸውም። «አውቀዋለሁ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። በሥልጠናው መዝጊያ ላይ አንድ የክብር እንግዳ ስለ ተግባር ተኮር ትምህርት ረዘም ያለ ንግግር ሲያደርጉ፣ አዴ ኢቢሴ መታገስ አቃታቸውና ሳፋውን ወደ እንግዳው እግር ገፋ አድርገው «ክቡርነትዎ፣ እጅዎን እዚህ አስገብተው ቢነግሩን?» አሉ። እንግዳው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ሳፋው ተገለበጠ፤ ንግግሩም በዚያው አበቃ። መምህራኑ ያጨበጨቡት ለየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ወሰኔ እህቷን «ትንሽ ቆዪ እስቲ» አለቻት። ትምህርት ሲከፈት ከጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ሳፋ ለምና ክፍሏ ውስጥ የውሃ ሰዓት ጀመረች። ልጆቹ ያገኙትን ሁሉ ውሃ ውስጥ ይከታሉ፤ ድንጋይ፣ ቅጠል፣ አንድ ቀን የራሳቸውን ጫማ። ጠዋት በሩን ስትከፍት ያ ደረቷ ላይ ይቀመጥ የነበረው ነገር የት እንደሄደ እንጃ።

ደስታው ግን ከወላጅ ዓይን አልተሰወረም። ልጆቹ ርሰው ቤት መግባት ጀመሩ። በቅሬታው ከፊት የቆመችው ኸይሪያ ናት፤ ዋናው መንገድ ላይ የዕቃ መደብር ያላት፣ አምስት ሰው የሚሠራውን ብቻዋን የምትሠራ፣ ከወሰኔ ተማሪዎች የአንዱ የሱሀይብ እናት። አንድ ቀን የልጇን እርጥብ ሹራብ በጣቷ አንጠልጥላ መጣችና «ቲቸር፣ እኔ ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው» አለች። «ውሃ መንቦራጨቁንማ ቤቱም ያውቅበታል፤ በዚያ ላይ ጉንፋን አለበት!»

ዳይሬክተሩ ኦቦ ጆቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወላጅ ሲቆጣ ግን ሆዳቸውን ያማቸዋል። ወሰኔን ጠርተው «በወላጆች ቀን አሳዪአቸው» አሏት። «ወላጅ ካመነበት ሰዓቱ ይቀጥላል። ካላመነበት ግን፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳፋው ወደ ጽዳት፣ እኛም ወደ ፊደላችን።»

ወሰኔ ክው አለች። ያ ሰዓት ከተወሰደ እሷም በዚያ ክፍል ውስጥ እንደማትቆይ ታውቀዋለች። ጊምቢ ያለው የስፌት መኪና ወንበሩ ተዘጋጅቶ እየጠበቃት ነው።

ፍርሃት ያልሆነ ነገር ያሠራል። ወሰኔ እንግዳ ይመጣል ሲባል መምህር ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ልጆቹን አለማመደች። «ብርቱካን?» «ይንሳፈፋል!» «ድንች?» «ይሰምጣል!» «እንጨት?» «ይንሳፈፋል!» «ድንጋይ?» «ይሰምጣል!» ልጆቹ በኦሮምኛ፣ በአንድ ድምፅ፣ ጣራው እስኪነቃነቅ። ትንሽ ቆይቶ ዕቃውን ገና ሲያዩት መመለስ ቻሉ። የመጨረሻዎቹን ቀናት ውሃውም አላስፈለገም፤ ልብሳቸው እንዳይበላሽ ሳፋው ጥግ ላይ ደርቆ ተቀመጠ። ሱሀይብ እየሄደ ሲነካካው ወሰኔ «ተው፣ በኋላ!» ትለዋለች። እንዲህ ስትል ራሷም ሳፋውን ዞር ብላ ታየዋለች፤ ጊዜ ግን አልነበራትም፣ ቀኑ ደርሷል።

በወላጆች ቀን ክፍሉ ጢም አለ። ወሰኔ አዴ ኢቢሴን ራሷ ጠርታቸው ነበር፤ ኮርታ፣ እዩልኝ ብላ። እሳቸውም መጥተው ከፊት፣ የልጆቹ ዝቅተኛ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጡ።

ወሰኔ ውሃ የተሞላውን ሳፋ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ብርቱካኑን ከፍ አደረገች። ብርቱካኑ ከእጇ ሳይወጣ ልጆቹ «ይንሳፈፋል!» ብለው ጮኹ። ድንቹን ገና ከፌስታል ስታወጣው «ይሰምጣል!» አንድም የተሳሳተ ልጅ የለም፤ አንድም ልጅ ግን ወደ ሳፋው አልተመለከተም፣ ሁሉም የሚያዩት የእሷን አፍ ነው። ወላጆች በጭብጨባ ቤቱን አናጉት። ኸይሪያ እንኳ «ማሻ አላህ፣ እንዲህ ከሆነማ» ብላ አጨበጨበች። ኦቦ ጆቴ ከበሩ ጋ ሆነው ለወሰኔ «አለቀ፣ አሸነፍሽ» በሚል አኳኋን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያላጨበጨቡት አዴ ኢቢሴ ብቻ ናቸው።

ወሰኔ አየቻቸው። የሆነውን ሁሉ እንደገባቸው ገባት። አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ያን ዓረፍተ ነገራቸውን በወላጅ ፊት ይለቁብኛል ብላ ጠበቀች። የአዴ ኢቢሴ አፍም ተከፈተ። ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ። ሴትዮዋ እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል ቀብረው መሬት መሬቱን አዩ። ነቀምቴ እኚህን ሴት ካወቀቻቸው ጀምሮ ሊናገሩ የሚችሉትን ነገር ሲውጡ የታዩት ያን ዕለት ነው። ቢጮኹባት ለወሰኔ ይሻላት ነበር። እንጀራዋን ሊያሳጧት ስላልፈለጉ ነው ዝም ያሉት፤ ይህ ደግሞ አንጀቷን በላው።

ከዚህ በኋላ ወሰኔ ማድረግ የነበረባት «አመሰግናለሁ» ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። የፈለገችው ሁሉ እጇ ገብቷል። እሷ ግን ብርቱካኑን ከውሃው አወጣችውና አገላብጣ አየችው።

«ልጆች» አለች፣ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ። «ልጣጩን ብናነሳውስ?»

ይህን ሞክራው አታውቅም። በአውራ ጣቷ መላጥ ጀመረች፤ ክፍሉ ብርቱካን ብርቱካን ሸተተ። ልጆቹም እንደለመዱት በሙሉ ድምፅ «ይንሳፈፋል!» አሉ። ወሰኔ ለቀቀችው።

ብርቱካኑ እንደ ድንጋይ ወርዶ የሳፋው ወለል ላይ ዱብ አለ።

የኦቦ ጆቴ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ወላጆች ተያዩ። ሱሀይብ ከሰልፉ ወጣ፣ ማንም ሳይፈቅድለት ሳፋው ጋ ደረሰ፣ በእግሩ ጣት ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ ወደ መምህርቱ ቀና አለና «ማሊፍ?» አላት። ለምን?

ወሰኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ስትኖር ስንት ነገር ተጠይቃለች፤ ሽንት ቤት ልሂድ፣ እስክርቢቶዬን ወሰደብኝ፣ መቼ ነው የምንወጣው። «ለምን» ተብላ ግን አታውቅም።

«አላውቅም» አለች፤ በወላጅ ፊት፣ በዳይሬክተሯ ፊት። «እኔም አላውቅም፣ ሱሀይብ። አንተስ ምን ይመስልሃል?»

ሱሀይብ አሰበበት። «ልብሱን አውልቆ ውሃው በረደው» አለ።

ከዚያ በኋላ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። «ዋና ስለማይችል ነው!» «አይደለም፣ ስለከበደ ነው!» ልጆቹ ሳፋውን ወረሩት። ከኋላ አንድ አባት ተነስተው «ቆይ እንጂ፣ ልጣጩ ሲነሳ እኮ መቅለል ነው ያለበት» አሉ። «ቀሎ እንዴት ይሰምጣል?» ኸይሪያ ዘወር አለችባቸው። «ልጣጩ ነበራ ይዞት የቆየው!» «ልጣጭ ብርቱካን ይይዛል እንዴ?» «ታዲያ ያዩት ምንድን ነው?» እሷ ክርክር ተሸንፋ አታውቅም። ለእንግዶች ከተቀመጠው ፍራፍሬ አንድ ብርቱካን አንስታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ «ግማሹን ብንልጠውስ?» እያለች ሳፋው ላይ አጎነበሰች። የሻሿ ጫፍ ውሃው ውስጥ ገብቶ ሲንሳፈፍ ልብ አላለችውም።

ነገሩ ወደ ሁከት ሊሄድ ሲል ኦቦ ጆቴ አጨብጭበው ጸጥ አሰኙ። «ባለሙያዋ እዚሁ ተቀምጠው እኛ ለምን እንከራከራለን?» አሉ። «አዴ ኢቢሴ፣ ይነሱና ምክንያቱን ይንገሩን።»

አዴ ኢቢሴ ተነሱ። ሰው ሁሉ ዞረ። ዳይሬክተር ጠይቋቸው፣ ወላጅ ጸጥ ብሎ፣ ሳፋ ፊታቸው ተቀምጦ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ሰዓት ይህ ነው። መልሱ ጉሮሯቸው ድረስ ሲመጣ ወሰኔ በዓይኗ አየችው። ሱሀይብ ግን ሁለት እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ፣ የተላጠውን ብርቱካን ከሥር ወደ ላይ እየገፋ፣ ሲለቀው ሲወርድ እያየ፣ ደግሞ እየገፋ ነበር። ማንንም እየሰማ አይደለም። አዴ ኢቢሴ ልጁን አዩት።

«እኔም አላውቅም» አሉ።

ገበያ ውስጥ አንዲት የቆየች እንቁላል የማያሳልፉት ሴት፣ በሕዝብ ፊት ዓይናቸውን በጨው አጥበው ዋሹና ተመልሰው ተቀመጡ። ልጆቹ ወደ ሳፋቸው ተመለሱ፤ ወላጆችም ወደ ክርክራቸው።

ሰው መበተን ሲጀምር ኸይሪያ እርጥብ ሻሿን እየጨመቀች ወሰኔ ጋ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄ የውሃው ነገር በሳምንት ስንት ቀን ነው ያልሽኝ?» አለች ኸይሪያ። «ቅያሪ ልብስ ልላክለት ብዬ ነው።» ኦቦ ጆቴ ከኋላቸው ሆነው ሰምተው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን አንዲት ብርቱካን ኪሳቸው ከትተው ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ከግቢው በር እንደወጡ አዴ ኢቢሴ የወሰኔን ክንድ ጨምድደው ያዙ።

«አየር ነው!» አሉ። «አየር ነው፣ ወሰኔ ኮ! ያ ነጩ፣ ስፖንጅ የሚመስለው የልጣጩ ውስጥ፣ በሙሉ አየር ነው! ልጣጩ ሲነሳ አየሩ አብሮ ይሄዳል፣ ሥጋው ብቻ ይቀራል፣ ሥጋው ደግሞ ከውሃው ይከብዳል! ወይኔ፣ ልፈነዳ ነበር እኮ! አሁን ሎሚውን እንይ፤ ሎሚ ላይ ደግሞ ነገሩ...»

ወሰኔ ክፍሉ ውስጥ ሳለች ልጣጩን በጣቷ ጨምቃ ነገሩን ግማሽ ደርሳበት ነበር። ይህን ግን አልተናገረችም። እኚህን ጯሂ፣ አስቸጋሪ፣ ሰው የማያስጨርሱ ሴት እንዴት እንደምትወዳቸው ያን ሰዓት ነው ያወቀችው። ማካፋት ጀመረ። ባዶ ባጃጅ አጠገባቸው ቀስ ብሎ «አዴ፣ ባኬ ጃማ ነው?» ሲል፣ አዴ ኢቢሴ ከሎሚው ወደ ትርንጎው እየተሻገሩ ስለነበር አልሰሙትም። ወሰኔ ሂድ በሚል እጇን አወዛወዘችለት። ቀጥሎ የመጣውንም እንዲሁ አሳለፈችው።